ወደ ፍየሎቹ ትርኢት የተሰናዳንበት ክረምት

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ነገሩ ከዚያ ስለሚጀምር ነው። ሊፍት እፈራለሁ። ውሻ እፈራለሁ። መስኮት ያለው የመንግሥት ፖስታ በበሩ ቀዳዳ ሲወድቅ ልጄ እስክትመጣ አልነካውም። ሆላንድ አገር፣ ሆግቭሊት የሚባል ሰፈር በገባን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከአራተኛ ፎቅ ሆኜ የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ እሳት ሲንቦገቦግ አየሁና ከተማው ተቃጠለ ብዬ ልጄን አንጠልጥዬ በደረጃ ወረድኩ። ታች ቆሻሻ ሊጥሉ የወጡ ጎረቤቶች ከረጢታቸውን እንደያዙ ቆመው አዩኝ። እሳቱ ሁልጊዜ የሚነድ ኖሯል።

ልጄ ግን አትፈራም። ከማን እንደወረሰችው እንጃ፤ ከአባቷ ይሆናል። እሱ ሱዳን ላይ ታሞ ሞቶብን ሁለታችን ብቻ ነን እዚህ የደረስነው።

ይህ የማወራው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከፎቆቹ ጀርባ ለልጆች የተሠራ ትንሽ የከብት ግቢ አለ። ፍየል፣ በግ፣ ጥንቸል፣ ዶሮ ይረባበታል፤ የከተማ ልጅ ከብት ምን እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ እዚያ ትሮጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ተናድጄባት ነበር። እኔ የምሠራው በአረጋውያን ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው።

«እኔ የሽማግሌ አንሶላ የማጥበው አንቺ የፍየል በጠጥ እንድትጠርጊ ነው?» አልኳት።

«ማማ፣ የፍየሉ ከአንቺዎቹ ይሻላል፤ አይሸትም» አለችኝ።

አንዲት ፍየል ነበረቻት። ነጭ፣ ቀንድ የሌላት። ስትወለድ እናቷ አላጠባም ብላ ስለገፋቻት ልጄ በጡጦ አሳደገቻት። ልጄ የግቢውን በር ገና ስትከፍት ፍየሏ ድምጿን ሰምታ ትጮሃለች። እኔ ራሴ አንድ ቀን ዳቦ ላደርስላት ሄጄ ፍየሏ እንደ ውሻ ከኋላዋ ስትከተላት አየሁ፤ ስትቆም ትቆማለች፣ ስትዞር ትዞራለች። ልጄ የያዘችው ነገር ጨዋታ አለመሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሰሜን ውስጥ፣ ከእኛ ብዙ ርቆ፣ በየዓመቱ ትልቅ የእርሻ ትርኢት አለ። ገበሬው ላሙን፣ አይቡን፣ ትራክተሩን ይዞ ይመጣል፤ ልጆችም ያሳደጉትን ፍየል በገመድ ይዘው ዳኞች ፊት ይዞራሉ። ከግቢው ልጆች ያን ዓመት የተመረጠችው የእኔ ልጅ ናት። የልጆቹ ክፍል የሚቀበለው እስከ አሥራ አራት ዓመት ነው፤ ስለዚህ ዘንድሮ ካልሄደች ሌላ ዓመት የለም። የግቢው ኃላፊ ሴትዮ፣ እኔ በልቤ የፍየሎቹ እመቤት የምላቸው፣ ጸጉራቸው አጭርና ሽበት የሆነ፣ ክረምት ከበጋ ቦት ጫማ የማያወልቁ ትልቅ ሴት ናቸው። የራሳቸው ካምፐር አላቸው። ከኋላው የፍየሏን ተጎታች አስረው ሊወስዷት ፈቀዱ። ግን አንድ ደንብ አበጁ፤ ሁለት ሌሊት ውጭ ስለሚታደር እናት አብራ ካልመጣች ልጅ አይሄድም።

እንግዲህ ነገሩ በእኔ እጅ ወደቀ። እኔ ከሄድኩ ትሄዳለች። ካልሄድኩ ልጄም ፍየሏም ይቀራሉ።

ካምፐር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልጄ ወስዳ አሳየችኝ። ቤት የተሸከመ መኪና ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ሽንት ቤትም አለው። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ጀርባው ድፍን ነው፤ በሩ ሲዘጋ «ጓ» ይላል። ያቺን «ጓ» ስሰማ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

«ልጄ፣ እኔ እዚህ ውስጥ አልተኛም» አልኳት።

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ የሚባል መልስ የለም፣ ማማ።»

ሌላ ልጅ ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ ይጮህ ነበር። እሷ ቤት ገብታ አዲስ ደብተር አመጣችና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። «የምትፈሪውን ንገሪኝ። አንድ በአንድ» አለች።

ሳቄ መጣ። «ደብተርሽ አይበቃም።»

«ሌላ አለኝ።»

እኔ ትምህርቴ የቀበሌ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል ቆጥሬ ስሜን ከጻፍኩ በኋላ ብዙም አልገፋሁበትም። እሷ ደግሞ አማርኛ ትናገራለች እንጂ ፊደል አታውቅም። ስለዚህ ደብተሩን ለሁለት ከፈልነው። በግራ በኩል እኔ ፍርሃቴን በአማርኛ እጽፋለሁ፣ በቀኝ እሷ መልሱን በሆላንድኛ። እኔ የእሷን ማንበብ አልችልም፤ እሷም የእኔን። ማታ ማታ እራት ሳቀርብ አንዳችን ለአንዳችን እናነባለን። አስቡት፣ በእንደዚያ ዓይነት ደብተር የታቀደ ጉዞ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የመጀመሪያዎቹን የጻፍኩት ለማስመረር ብዬ ነው፤ እውነቱን ልናገር። ጋዙ ቢፈነዳስ አልኩ። በማግስቱ ሄዳ የፍየሎቹን እመቤት ጠየቀች፤ ጋዙ የሚዘጋበትን ቦታ በእርሳስ ስላ አመጣችልኝ፤ ወደየት እንደሚዞር በቀስት አሳይታ። ወደ ሰሜን ሲኬድ ባሕር መካከል የተሠራ ረጅም መንገድ አለ ብለውኛል፣ እኔ ግራና ቀኙ ውሃ በሆነ መንገድ አልሄድም አልኩ። ካርታ ዘርግታ በጣቷ አሳየችኝ። «በዚህ በኩል በየብስ ይኬዳል። አንድ ሰዓት ይጨምራል። ጠይቄያታለሁ፣ እሺ ብላለች።»

«ትልቅ ሴት ናቸው፣ ‹ብለዋል› በይ።»

«ብለዋል» አለች፤ ወዲያው ደግሞ «እሷ ራሷ እኮ ‹አንቺ በይኝ› ነው የምትለው» ብላ አበላሸችው።

ከዚያ ስለ ውሻ ጻፍኩ። ካምፐሩ የሚያርፍበት ሜዳ፣ ካምፒንግ የሚሉት፣ ሰው ውሻውን ይዞ ይመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። በማግስቱ ከሥራ ስገባ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብላለች።

«ደውዬ ጠየቅሁት» አለችኝ።

«ማንን?»

«የካምፒንጉን ሰውዬ።»

«ስለ ውሻ?»

«አዎ። ውሾች አሉ። ግን ሁሉም ይታሰራሉ። ለእኛ ከውሾቹ የሚርቀውን ጥግ ይዞልናል። እናትሽ ዛፍ ትወዳለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ትወዳለች አልኩት።»

ቦርሳዬን ሳላወርድ ቆሜ አየኋት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ለእናቷ ቂል ፍርሃት ብላ፣ አይታው ለማታውቅ ሰው ደውላ ስለ ውሻ ተነጋገረች። እኔ በዚህ አገር ስኖር ለሐኪም ቤት እንኳ ራሴ ደውዬ አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ ለማስመረር ብዬ የጻፍኩት የለም።

አንድ ቀን ግን ሳላስበው እኔም የምሰጠው ነገር ተገኘ። ስለ ምግብ ስናወራ «ፍየሏስ ምን ትጠጣለች?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ውሃ ነዋ።»

«የየት ውሃ?»

«እዚያ ያለውን።»

«አትጠጣልሽም» አልኳት። እናቴ ጓሮ ፍየል ታረባ ነበር፤ ከገበያ አዲስ የመጣች ፍየል የእኛን ውሃ አሽትታ ጀርባዋን ትሰጣለች፤ ሁለት ቀን ሳትጠጣ ትውላለች። ያልጠጣች ፍየል ደግሞ ጎኗ ይገባል፣ ዓይኗ ይደክማል። «ዳኛው ፊት እንደዚያ ሆና ልትቀርብ ነው? ስንቋን ከዚህ ያዢላት።»

ልጄ እርሳሷን አቁማ አየችኝ። ከዚያ ደብተሩን ገለጠችና በግራው በኩል፣ በእኔው ገጽ ላይ፣ በሆላንድኛ ጻፈችው። የፍየሎቹ እመቤት ሲነገራቸው ግንባራቸውን በእጃቸው መቱ፤ ባለፈው ዓመት የወሰዱት ፍየል ለምን ከስቶ እንደተመለሰ አሁን ነው የገባኝ አሉ። አራት ጀሪካን የሆግቭሊት ውሃ ዕቅዱ ውስጥ ገባ።

የእኔው ስንቅ ግን እንደዚያ ክብር አላገኘም። ፍልሰታ ተፈትቶ ነው የምንሄደው ብዬ ቋንታ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ አዘጋጅቼ በሁለት ትልልቅ ሻንጣ አቀረብኩ። የፍየሎቹ እመቤት ለካ መኪናው ከልኩ በላይ እንዳይጭን እያንዳንዱን ዕቃ የሚመዝኑበት ሚዛን አላቸው፤ ሰው ራሱን የሚመዝንበትን ዓይነት። ሻንጣዬን አስቀምጠው አጎንብሰው ቁጥሩን አዩና ለልጄ አንድ ነገር አሉ።

«ለስንት ሰው ነው ብላለች።»

«ሰው ቢመጣስ?»

«ማን ይመጣል፣ ማማ? ሜዳ ላይ?»

«ሜዳ ላይ ሰው አይርበውም?»

ተረጎመችላቸው። ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡና የራሳቸውን ሁለት የብረት ወንበር ከመኪናው አውርደው አንደኛውን ሻንጣዬን ጫኑ። ሚዛን ማለት ለካ እንደዚህም ነው፤ የእኔን አስቀርተው አይደለም፣ ከራሳቸው ቀንሰው።

በሥራ ቦታ አንዲት የአገሬ ልጅ አብራኝ ትሠራ ነበር። ዴልፍስሃቨን የሚባል ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ቤተ ክርስቲያንም አንድ ላይ ነን። አንሶላ የምናጥፈው ሁለታችን ነን፣ እሷ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው። ጉዞውን ስነግራት አንሶላውን ለቀቀችው።

«አንቺ? ሊፍት የማትገቢው ሴትዮ?»

«እኔ።»

«መንኮራኩር ባለው ቤት ልትተኚ? ለፍየል?»

«ለልጄ ነው።»

«ፍየል ለመብላት ሰው ይሄዳል። ፍየል ለማሳየት መሄድ አሁን ሰማሁ። ምኗን ነው የሚያዩት?»

«ሁሉን። እግሯን፣ ወገቧን፣ ጥርሷን፣ አረማመዷን። ከዚያ ቆንጆ ለሆነችው ሪባን ያስሩላታል።»

«ወይኔ፣ እኔንስ ማን ወስዶ ባሳየኝ!» ብላ ወገቧን ይዛ በጠረጴዛው ዙሪያ ዞረች። በሆላንድ አገር እንደዚያ የሚያስቀኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ደብተሩ እየሞላ ሄደ። አንዲት መስመር ብቻ በግራው ገጽ ባዶ ትቼ ነበር፤ ቁጥሯን ጽፌ ፊት ለፊቷን አልሞላሁትም።

«ይህቺስ?» አለችኝ።

«ገና ናት።»

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የፍየሎቹ እመቤት ካምፐሩን አምጥተው ፎቃችን ሥር አቆሙት። የልጄ ሐሳብ ነው፤ ምሳ ውስጡ እንብላና ይልመድሽ አለች። ሦስታችን ጠባቧ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ሾርባው እንደቀረበ ነፋስ ገባና ሴትዮዋ ተነስተው በሩን ዘጉት። ጓ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። ሾርባውን ደፍቼ፣ በሩን በሁለት እጄ ደብድቤ፣ ሴትዮዋ ሲከፍቱልኝ ሣሩ ላይ በእጄና በጉልበቴ ወደቅሁ። ጎረቤት ሁሉ ከሰገነቱ ያያል። ልጄ መጥታ አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀመጠች እንጂ አላነሳችኝም። እዚያው ለአሥራ አንድ ዓመት ያልነገርኳትን፣ የባዶዋን መስመር ነገር፣ ነገርኳት። ወደ ሱዳን የወጣነው በእህል ጫኝ መኪና ጀርባ፣ ሸራ ሥር፣ ከውጭ ተሸንጉሮብን ነው። እሷ ሦስት ዓመቷ ነበር። ኬላ በደረስን ቁጥር አፏን በእጄ እይዝ ነበር፤ አንዴ ለረጅም ጊዜ ያዝኩት፣ ስለቃት ወዲያው አልተነፈሰችም። ከዚያ ተነፈሰች። ይኸው ነው።

እስክጨርስ ድረስ ከሣሩ አልተነሳችም። ከዚያ ተነስታ ከሴትዮዋ ጋር ተነጋገረችና አንዲት ትንሽ ቁልፍ በክር አንጠልጥላ መጣች።

«ይህ በር ከውስጥ ሁልጊዜ በእጅ ይከፈታል። ከውጭ ደግሞ ያለዚህ ቁልፍ አይቆለፍም። ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። አንዱ አሁን ያንቺ ነው» አለች። ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰረችልኝ።

ሌላም ነገር አሰበች። «አንቺ ከኋላ አትቀመጪም። ከፊት ነው። ካርታውን የምትይዢው አንቺ ነሽ።»

«እኔ የእነሱን ፊደል ማንበብ የማልችለው?»

የምናልፍባቸውን ከተሞች ስም በትልልቅ ፊደል፣ በቅደም ተከተል፣ በረጅም ወረቀት ላይ ጽፋ ኖሯል። መንገድ ዳር ያለውን ሰሌዳ ከወረቀቱ ጋር አስተያይቼ ሲመሳሰል እጄን አነሳለሁ፤ ሲያልፍ እሰርዛለሁ። እኔ ደግሞ የምጠብቀው ነገር ካለኝ አልፈራም። ይህን እኔ ራሴ ስለ ራሴ አላውቅም ነበር፤ ልጄ ናት ያየችው።

ከዚያ ልምምድ ጀመርን። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ካምፐሩ ወደሚቆምበት ግቢ እሄዳለሁ። የመጀመሪያ ቀን በሩ ክፍት ሆኖ ቁጭ አልኩ። በማግስቱ ገርበብ ብሎ። ከዚያ ተዘግቶ እስከ አሥር ተቆጠረ፣ ከዚያ እስከ መቶ። ልጄ ከውጭ ሆና «ሩስቲኽ፣ ማማ፣ ሩስቲኽ» ትለኛለች፤ በእነሱ ቋንቋ ረጋ በይ ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ እዚያው ውስጥ ድንች ልጬ ቀቀልኩ።

እንግዲህ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው ያበላሸሁት። ልጄ መነሻችን ነሐሴ ሃያ ነው ብላኝ ነበር። ሼፌ፣ እዚህ አለቃን እንደዚያ ነው የሚሉት፣ የእረፍት መጠየቂያ ወረቀት ሰጥቶኝ ቤት ይዤ መጣሁ። ልጄ ፍየሎቹ ጋ ነበረች፤ ሁሉን ነገር እሷ ታድርግልኝ ወይ ብዬ ራሴ ልሞላው ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ አለን፤ የእኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጆቹ ጥግ ላይ በትንሹ የተጻፈበት። የሥራ ወረቀት በእነሱ ቀን ነው የሚሞላው፣ ያንን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ትልቁን ሃያ ፈልጌ ጥጉ ላይ ያለውን ሃያ ስድስት በጥንቃቄ ገለበጥኩ። በራሴ ኮርቼ ሻይ አፈላሁ። ልጄ ግን ነሐሴ ያለችኝ እኔ እንድረዳት ብላ ነው እንጂ የምታውቀው አንድ አቆጣጠር ብቻ ነው። ሃያ ያለችው የእነሱን ሃያ፣ እኔ ከጻፍኩት ስድስት ቀን የሚቀድመውን ነበር።

የተፈረመውን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌው ስምንት ቀን ሲቀረን አየችው። ጣቷን ቁጥሩ ላይ አደረገች። «ማማ፣ ይህ ምንድን ነው?»

ስህተቱ ሲገባኝ መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ልደብቅ? ደስ አለኝ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ «ጓ» የሚል በር፣ ሁሉም ቀረ፤ ደግሞም እኔ እምቢ ብዬ አይደለም፣ ቀን ተሳስቶ ነው።

እሷ አልተቆጣችም። «እሺ» ብቻ አለች። ደብተሩን ዘጋችና መሳቢያ ውስጥ ከፕላስቲክ ከረጢቶቹ ጋር አስገባችው። ከዚያ ፍየሏን ልታበላ ወጣች። ልጄ ስትቆጣ አውቃለሁ፤ ስትጮህም አውቃለሁ። አንድ ነገር አይሆንም ብላ ስትዘጋ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ ነኝ ያስተማርኳት ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው ነቅዬ በብብቴ ይዤ ሼፉ ቢሮ ገባሁ። ከዚያ በፊት የገባሁት ልጄ አብራኝ ስትኖር ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ትልቁ የእኛ፣ ትንሹ የእናንተ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፣ አልኩት። በምን ዓይነት ሆላንድኛ እንዳልኩት አትጠይቁኝ። ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ አየው። «ፕሮግራሙ ወጥቷል። በአንቺ ቦታ ሦስቱን ቀን የሚቆም ሰው ካገኘሽ እፈርማለሁ» አለኝ።

ሰው ማለት እንግዲህ አንድ ናት። አንሶላ ማጠፊያው ጋ አገኘኋት።

«ከሃያ እስከ ሃያ ሁለት፣ በእነሱ» አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች። «ፍልሰታን በጋሪ? እመቤታችን ሱባኤ ግቡ አለች እንጂ ካምፐር ግቡ አለች?»

«ቋንታውን ትቼ ሽሮ እይዛለሁ።»

«የመጨረሻው ቀን ፍስኩ ነው። ለመቁረብ ነበር ያሰብኩት። ሦስቱንም ቀን?»

«ሦስቱንም።»

አንሶላውን አንድ ጊዜ አጠፍን፤ ሁለት ጊዜ አጠፍን። ጫፍ ለጫፍ ስንገናኝ ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ካላሸነፈች ግን አንቺንም ፍየሏንም አልምራችሁም» አለችኝ። (ሦስተኛ ወጣች። ምራናለች።)

ከሥራ በቀጥታ ግቢው ሄድኩ። ልጄ ጎንበስ ብላ የፍየሏን ሰኮና ትከረክማለች። ነገርኳት። ቀና አለች።

«ራስሽ ጠየቅሽው? በሆላንድኛ?»

«በሆላንድኛ።»

«ምን አልሽው?»

ያልኩትን ደገምኩላት። ሁለት ቃል አረመችኝ፤ ከዚያ ፍየል ፍየል በሚሸት እጇ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

የጉዞው ቀን ጠዋት ሁሉ ነገር በልኩ ነበር። አራቱ ጀሪካን፣ የተመዘነው ሻንጣ፣ አንገቴ ላይ ቁልፉ፣ እጄ ላይ ረጅሙ ወረቀት። የፍየሎቹ እመቤት የተጎታቹን መወጣጫ አወረዱ። ልጄ ፍየሏን ስባ መጣች። ፍየሏ መወጣጫው ሥር ደርሳ አራት እግሯን ተከለች።

ተያየን። ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔን ስናለማምድ ፍየሏን ያለማመዳት ሰው የለም።

ልጄ ጎተተች። ሴትዮዋ ከኋላ ገፉ። ዳቦ አሳየናት፣ ጭራሽ ተኛች። ልጄ ሰዓቷን አየች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ፍርሃት አየሁ። ዳኞቹ ፍየሎቹን የሚመዘግቡት ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያልደረሰ አይገባም።

ፍየል ጨለማ ቀድማ አትገባም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እናቴ ጓሮ ያየሁት ነው። ሰው ከፊቷ መግባት አለበት። የፍየሎቹ እመቤት በወገባቸው ምክንያት አይጎነበሱም፤ ልጄ ደግሞ ገመዱን ከለቀቀች ፍየሏ ትሮጣለች። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩና ባልዲ ውሃ ይዤ መወጣጫውን ወጣሁ። ተጎታቹ ጠባብ ሳጥን ነው፤ መስኮት የለውም፤ ጭድ ጭድ ይሸታል። እስከ ጥጉ ገባሁና ጭዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ባልዲውን እግሬ መካከል አድርጌ እናቴ እንደምትጠራቸው ጠራኋት።

ጆሮዋን አቆመች።

«ሩስቲኽ» አለች ልጄ ከውጭ።

«ለእኔ ነው ለእሷ?»

«ለሁለታችሁም።»

አንድ ሰኮና እንጨቱን ረገጠ። ቆመች። ሁለተኛው። ከዚያ በአንዴ ገብታ አፍንጫዋን ባልዲው ውስጥ ከተተች፤ ሆዷ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ገመዷን ቀለበቱ ላይ ማሰር ጀመርኩ። የፍየሎቹ እመቤት ከኋላ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ማማ፣ መወጣጫው ካልተነሳ ወደ ኋላ ታመልጣለች ብላለች። አንቺ በጎን በኩል ባለችው ትንሽ በር ትወጫለሽ። መወጣጫውን ትዝጋው? ካልፈለግሽ አትዘጋውም።»

እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። ቁልፉ የካምፐሩ ነው፤ የዚህ አይደለም።

«ይዝጉት» አልኩ።

ጓ አለ። ጨለመ። ፍየሏ ዘለለችና ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ወሸቀች። በእጄ አፏን ሳይሆን ግንባሯን ያዝኩ፣ በሌላው እጄ ገመዱን ቋጠርኩ፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሜ አንድ ጊዜ፣ እንዳይፈታ። ትንፋሿን እሰማለሁ። ከዚያ በጉልበቴ ዞሬ ትንሿን በር በዳበሳ ፈለግሁ። ገና ሳልነካት ተከፈተች።

ልጄ ናት። ከመጀመሪያው ጀምሮ እጀታውን ይዛ ቆማ ኖሯል።